ጸጋን የሚገልጥ ወዳጅነት፦ ፍሎረንስ ፕራይስና ማርጋሬት ቦንድስ በቺካጎ



በአገልጋዮች ዘንድ ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ አባባል አለ። «ጸጋ ካለህ ጸጋህ ራሱ መንገድ ይከፍትልሃል» ይባላል። ለዚህ አባባል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ 18፥16 ነው። ጥቅሱን በዐውዱ ስናነበው ግን የሚናገረው ሰው በታላላቆች ፊት ለመቅረብ ይዞት ስለሚሄደው እጅ መንሻ ነው እንጂ በውስጡ ስላለው ተሰጥዖ አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ጸጋ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ስፍራው የደረሰው ሌላ ሰው እጁን ይዞ ስላስገባው ነው። ሳውል ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ጥሪውም ጸጋውም ነበረው፤ ወንድሞች ግን ፈሩት፣ ደቀ መዝሙር መሆኑንም አላመኑም። እጁን ይዞ ወደ ሐዋርያት ያቀረበው በርናባስ ነው (ሐዋ. 9፥26-27)። ኋላም ሳውል ጠርሴስ ተቀምጦ ሳለ እስከዚያ ድረስ ሄዶ የፈለገው፣ ወደ አንጾኪያም አምጥቶ አብሮት ያገለገለው ይኸው በርናባስ ነው (ሐዋ. 11፥25-26)።

ይህን እውነት ከዘመናችን ብዙ በማይርቅ ታሪክ ላሳያችሁ እወዳለሁ። ታሪኩ በአብዛኛው የሆነው በ1930ዎቹ፣ በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ ነው። ባለታሪኮቹ ሙዚቃ የሚደርሱ፣ የሚጫወቱና የሚያስተምሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ናቸው። በዘመናቸው በሁለት በኩል በር ተዘግቶባቸው ነበር፤ በቆዳቸው ቀለምና በሴትነታቸው። እነርሱ ግን እርስ በርስ ተደጋግፈው አንዲቱ የሌላይቱን ሥራ ወደ ሰው ጆሮ አደረሱ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በር የተዘጋባት ደራሲ

ፍሎረንስ ፕራይስ ኤፕሪል 9 ቀን 1887 በአርካንሳስ ግዛት በሊትል ሮክ ከተማ ተወለደች። አባቷ የጥርስ ሐኪም፣ እናቷ የሙዚቃ አስተማሪ ነበሩ። ፒያኖ ያስጀመሯት እናቷ ናቸው። በ1903 ቦስተን ወደሚገኘው ኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪ ገብታ በ1906 በኦርጋንና በፒያኖ ማስተማር ተመረቀች። ያ ዘመን ጥቁር ተማሪ የሚገፋበት ዘመን ስለ ነበር እናቷ ልጃቸው ከሜክሲኮ እንደ መጣች ተደርጋ እንድትመዘገብ አደረጉ። ልጅቱ ገና ትምህርቷን ስትጀምር አገሯንና ወገኗን መሸሸግ ግድ ሆነባት ማለት ነው።

ከተመረቀች በኋላ በጥቁሮች ኮሌጆች አስተማረች፤ በአትላንታ በክላርክ ዩኒቨርሲቲም የሙዚቃ ክፍሉን መርታለች። በ1912 ጠበቃ አግብታ ሊትል ሮክ ተቀመጠች። የግዛቷ የሙዚቃ አስተማሪዎች ማኅበር ግን ጥቁር በመሆኗ ብቻ በአባልነት አልተቀበላትም። በ1927 በዚያች ከተማ አንድ ጥቁር ሰው ያለ ፍርድ በሕዝብ እጅ በግፍ ተገደለ። በዚያው ዓመት ፍሎረንስና ቤተሰቧ አገራቸውን ትተው ወደ ሰሜን፣ ወደ ቺካጎ ተሻገሩ።

ቺካጎም ቢሆን ወዲያው ዕረፍት አልሆነላትም። ብዙም ሳይቆይ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። በ1931 ትዳሯ በፍቺ ተቋጨ፤ ሁለት ሴቶች ልጆቿን የማሳደግ ሸክምም በእርሷ ላይ ወደቀ። ልጆቿን ለማብላት ድምፅ አልባ ፊልም በሚታይባቸው አዳራሾች ኦርጋን ትጫወት ነበር፤ በብዕር ስምም ቀላል ዘፈኖችን ትጽፍ ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ እግሯ ተሰብሮ ከቤት ዋለች። ሌላው ሰው መከራ የሚለውን ያን ጊዜ እርሷ ስታስበው የኖረችውን ትልቅ ሥራ ለመጀመር ተጠቀመችበት። ሥራው ሲምፎኒ ነበር፤ ሲምፎኒ ለሙሉ ኦርኬስትራ የሚደረስ፣ ብዙ ክፍሎች ያሉት ሰፊ ድርሰት ነው።

የኤስቴላ ቤት

በቺካጎ ደቡባዊ ክፍል ኤስቴላ ቦንድስ የምትባል ሴት ነበረች። የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋችና የሙዚቃ አስተማሪ ናት። ከባሏ ከተለያየች በኋላ ልጇን ማርጋሬትን በእናቷ ቤት ታሳድግ ነበር። ሀብታም አልነበረችም፤ ቤቷ ግን ለጥቁር ሙዚቀኞች፣ ደራሲያንና ገጣሚያን ሁልጊዜ ክፍት ነበር። ከሌላ ከተማ የመጣ ዘማሪ እዚያ ያርፋል፤ ሥራ ያጣ ሙዚቀኛ እዚያ ማዕድ ይቀርባል።

ፍሎረንስ ከነልጆቿ የተጠለለችው በዚህ ቤት ነው። ቀድሞውኑ ለማርጋሬት ፒያኖና ድርሰት ታስተምራት ነበር። በ1929 ለፒያኖ ከደረሰቻቸው ሥራዎች አንዱን ለዚህች ወጣት ወዳጇ መታሰቢያ አድርጋ ሰጥታታለች፤ ልብ በሉ፣ በዚያ ጊዜ መምህርቷ የአርባ ሁለት ዓመት ሴት፣ ተማሪዋ ደግሞ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። አሁን ግን መምህርቷ ጠያቂ እንግዳ መሆኗ ቀርቶ የቤት ሰው ሆነች።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። የተፋታች፣ ገንዘብ የሌላት፣ ሁለት ልጆች የያዘች ሴት በብዙ ጉባኤያችን ውስጥ ቦታ ይጠባታል። ሰው ይርቃታል፤ ካልራቃትም ያማታል። ኤስቴላ ግን ያየችው ፍቺዋን ሳይሆን ሰውነቷን፣ ከሰውነቷም ጋር የተሰጣትን ጸጋ ነው። ልድያ ልቧ በተከፈተ ጊዜ አስከትላ የከፈተችው ቤቷን ነበር (ሐዋ. 16፥14-15)። በፊልጵስዩስ የነበረው ሥራ መኖሪያ ያገኘው በአንዲት ሴት ቤት ነው። በቺካጎም እንዲሁ ነው። ያ ቤት ባይኖር ፍሎረንስ የጀመረችውን ሥራ ለመጨረስ የምትቀመጥበት ጠረጴዛ እንኳ ባላገኘች ነበር።

በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ

ለኦርኬስትራ የሚጻፍ ሙዚቃ ከደራሲዋ እጅ ሲወጣ ሥራው አያልቅም። ቫዮሊን ተጫዋቹ፣ ዋሽንት ተጫዋቹ፣ መለከት ነፊው እያንዳንዱ የራሱ ወረቀት ያስፈልገዋል። ዛሬ ይህን ኮምፒውተር ይሠራዋል። ያኔ ግን እያንዳንዷ ኖታ በቀለም ብዕር፣ በእጅ መገልበጥ ነበረባት። ይህን የሚሠራ ባለሙያ ለመቅጠር ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘብ ደግሞ አልነበረም።

ማርጋሬት ከብዙ ዓመታት በኋላ እንዳስታወሰችው፣ ፍሎረንስ ሥራዋን የምታስረክብበት ቀን ሲደርስባት በከተማው ያሉ ኖታ መጻፍ የሚችሉ ጥቁር ሙዚቀኞች ተሰብስበው ይረዷት ነበር። በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ወረቀት ተከፋፍለው ይገለብጣሉ። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

የሮሜን መልእክት የጻፈው ማን ነው ብንባል ጳውሎስ እንላለን፤ ልክ ነው። ነገር ግን ብዕር ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እጁ እስኪዝል የጻፈው ጤርጥዮስ የተባለ ወንድም ነበር። መንፈስ ቅዱስም ስሙን በመልእክቱ መጨረሻ ላይ አኑሮለታል (ሮሜ 16፥22)። በቺካጎው ወጥ ቤት ኖታ የገለበጡት ሰዎች አብዛኛዎቹ ስማቸው አልተመዘገበም። እነርሱ ባይገለብጡ ግን ሙዚቃው በደራሲዋ ወረቀት ላይ በቀረ ነበር።

በ1932 የዋናሜከር የድርሰት ውድድር ውጤት ታወቀ። የፍሎረንስ ሲምፎኒ አንደኛ ወጥቶ አምስት መቶ ዶላር ተሸለመ። በዚያው ውድድር በመዝሙር ድርሰት ዘርፍ የተሸለመችው ተማሪዋ ማርጋሬት ነበረች። መምህርትና ተማሪ፣ ከአንድ ቤት ወጥተው፣ በአንድ ዓመት አብረው ተሸለሙ።

ዋጋውን የከፈለችው ሴት

ከሽልማቱ በኋላ የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሪ ፍሬድሪክ ስቶክ ሥራውን ተመልክቶ ሊያቀርበው ወሰነ። ጁን 15 ቀን 1933 በከተማው በተካሄደው የዓለም ትርኢት ምክንያት በአውዲቶሪየም ቴአትር ተሰማ። በአንድ ታላቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራ ሲምፎኒዋ የተጫወተላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ደራሲ ፍሎረንስ ፕራይስ ሆነች። በዚያው ምሽት የሃያ ዓመቷ ማርጋሬት በዚያው መድረክ ላይ ከኦርኬስትራው ጋር ፒያኖ ተጫወተች፤ ከቺካጎ ሲምፎኒ ጋር ብቻዋን የቀረበች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ፒያኖ ተጫዋች እርሷ ናት።

ሲምፎኒው ራሱ የሚናገረው አለው። ሁለተኛው ክፍል የጉባኤ መዝሙር በሚመስል የነሐስ መሣሪያዎች ዜማ ይከፈታል፤ ደራሲዋ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ላይ ያደገች መሆኗ ይታወቃል። ሦስተኛው ክፍል «ጁባ» በተባለው ጭፈራ ላይ የተመሠረተ ነው። በባርነት ዘመን ከበሮ የተከለከሉት ጥቁሮች እጃቸውን እያጨበጨቡ፣ ጭናቸውንና ደረታቸውን እየመቱ ይጫወቱት የነበረ ነው። በሊትል ሮክ ማኅበር ያልተቀበሏት ሴት፣ ከበሮ የተነጠቁትን የአያቶቿን ምት ወደ ቺካጎ ታላቅ አዳራሽ ይዛው ገባች።

ይህ ታሪክ ለብዙ ዓመታት ሲነገር የኖረው «ስቶክ ፍሎረንስን አገኛት» እየተባለ ነበር። ስቶክ የሚገባውን ምስጋና ያግኝ፤ በዚያ ዘመን ይህን ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል። ግን ከእርሱ በፊት መንገዱን የጠረጉ ሴቶች ነበሩ። ኖራ ሆልት የተባለች ደራሲና የጋዜጣ ሐያሲ በ1919 ብሔራዊውን የጥቁር ሙዚቀኞች ማኅበር ካቋቋሙት አንዷ ናት። «ቺካጎ ዲፌንደር» በተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ላይ ስለ ሙዚቃ ትጽፍ ነበር። ከእርሷ በኋላ ቦታውን የተረከበችው ሞድ ሮበርትስ ጆርጅ ናት። ለዚያ የጁን ምሽት ኮንሰርት ገንዘቡን ያቀረበችው ይህች ሞድ ጆርጅ ነበረች። ይህን ሁሉ በቅርብ ዓመታት በሰፊው ያወጣችው ብሪታንያዊቷ ፒያኖ ተጫዋችና ተመራማሪ ሳማንታ ኢጌ ናት። ኢጌ ታሪኩን በመጻፍ ብቻ አልተወሰነችም፤ የፍሎረንስን የፒያኖ ሥራዎች ራሷ ተጫውታ በድምፅ አስቀርጻለች።

ጳውሎስ ስለ ፌበን ሲጽፍ ለብዙዎችና ለእርሱም ለራሱ ደጋፊ እንደ ነበረች ይመሰክራል (ሮሜ 16፥1-2)። በግሪኩ የተጠቀመበት ቃል በገንዘቡና በስሙ ሌላውን የሚያቆምን ሰው የሚያመለክት ነው። ፌበን የሮሜን መልእክት አልጻፈችም፤ ግን መልእክቱን ይዛ የሄደችው እርሷ እንደ ሆነች ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ መምህራን ይስማማሉ። ሞድ ጆርጅም ሲምፎኒውን አልደረሰችም። ሲምፎኒው ግን ያለ እርሷ ገንዘብ በዚያ ምሽት ባልተሰማ።

ተማሪዋ የመምህርቷን ሥራ ስትጫወት

በ1934 ፍሎረንስ ለፒያኖና ለኦርኬስትራ የሚሆን ኮንቼርቶ ደረሰች። ማርጋሬትም በዚያው ዓመት ከቺካጎ የሴቶች ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ሆና ያንን የመምህርቷን ሥራ በፒያኖ ተጫወተች። ይህ ኦርኬስትራ ራሱ የተቋቋመው ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች ሴቶችን ስለማይቀጥሩ ነው፤ መሪዋም ኤባ ሰንድስትሮም የምትባል ሴት ነበረች።

በቋንቋችን ተማሪን «ደቀ መዝሙር» እንለዋለን። በግእዝ «የመዝሙር ልጅ» እንደ ማለት ነው። ቃሉ ራሱ መማርና መዘመር ከአንድ ማዕድ እንደሚበሉ ይነግረናል። አንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 25 የቤተ መቅደሱን መዘምራን ሲዘረዝር ኤማን አሥራ አራት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች እንደ ነበሩት ይናገራል። ቁጥር 8 ላይ ደግሞ ታናሹም ታላቁም፣ መምህሩም ተማሪውም በአንድነት ዕጣ እንደ ተጣጣሉ እናነባለን። በእግዚአብሔር ቤት መምህሩ ከተማሪው ቀድሞ ቦታውን አልያዘም፤ ተማሪውም ተራው እስኪደርስ ከደጅ አልቆመም።

ማርጋሬት በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ በ1933 የመጀመሪያ፣ በ1934 ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዋን አገኘች። ዩኒቨርሲቲው እንድትማር ፈቀደላት፤ በግቢው ከነጮቹ ተማሪዎች ጋር እንድትኖር ግን አልፈቀደላትም። ያ ምሬት ግን እጇን አላጠፈውም። ለልጆች የሚሆን የጥበብ ትምህርት ቤት ከፈተች። ፒያኖ ካስተማረቻቸው ልጆች አንዱ ኔድ ሮረም የተባለ ነጭ ልጅ ነው፤ አድጎ ስመ ጥር ደራሲ ሆነ፣ በ1976 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ከፍሎረንስ የተቀበለችውን ለሌላው አስተላለፈች፤ ያስተላለፈችለትም ሰው ከገፏት ወገን የተወለደ ልጅ ነበር።

በትንሣኤ ቀን

ማሪያን አንደርሰን የፊላደልፊያ ልጅ ናት። በልጅነቷ ወደ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ብትሄድ በቀለሟ ምክንያት መለሷት። ዘማሪ ሆና ያገለገለችበት የዩኒየን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ግን ከኪሳቸው አዋጥተው አስተማሯት። ዓለም በኋላ ያደነቀው ድምፅ መጀመሪያ የተማረው በጉባኤ መዋጮ ነው።

በ1939 ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ትልቅ አዳራሽ ጥቁር በመሆኗ በከለከላት ጊዜ ኤፕሪል 9 ቀን፣ በትንሣኤ እሑድ፣ በሊንከን መታሰቢያ ደጃፍ ላይ ዘመረች። ሰባ አምስት ሺህ የሚያህል ሕዝብ ተሰበሰበ፤ በሬዲዮም ብዙዎች አዳመጡ። በፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ ከዘመረቻቸው መንፈሳዊ መዝሙሮች አንዱ ነፍስ በጌታ ላይ መልሕቋን እንደ ጣለች የሚናገረው ነው። ያንን መዝሙር ለድምፅና ለፒያኖ ያዘጋጀችው ፍሎረንስ ፕራይስ ነበረች። ያ ቀን ደግሞ የፍሎረንስ የልደት ቀን ነው። ማሪያን በራሷ ላይ በር በተዘጋበት ቀን የሌላይቱን ሴት ሥራ ይዛ ወጣች።

ወዳጆቹ ሲበተኑ

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን፤ ግን አላለቀም። በዚያው በ1939 ማርጋሬት ወደ ኒው ዮርክ ሄደች። ፍሎረንስ መድረስ አላቆመችም፤ በሯን የሚያንኳኩላት ግን እየጎደሉ መጡ። ከ1935 ጀምሮ ለቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሪ ለሰርጌይ ኩሰቪትስኪ ደጋግማ ጻፈች። በ1943 በጻፈችው ደብዳቤ ሴትነቷና ዘሯ ሁለት እንቅፋቶች እንደ ሆኑባት ገልጻ፣ ሥራዋ ግን በራሱ እንዲመዘን ለመነችው። ሥራዋን አንድ ቀንም አላቀረበላትም። ቦስተን የተማረችበት ከተማ ነበር።

ፍሎረንስ ወደ አውሮፓ ለመሄድ እየተዘጋጀች ሳለ ጁን 3 ቀን 1953 አረፈች። ሦስት መቶ የሚያህሉ ሥራዎች ትታ ሄደች፤ አብዛኛዎቹ አልታተሙም ነበር። የኖራ ሆልት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ወደ ውጭ አገር ስትሄድ በዕቃ ማስቀመጫ ያኖረቻቸው ሁለት መቶ ያህል ድርሰቶቿ ተሰርቀው ጠፉ። ለሌሎች መድረክ ስትከፍት የኖረች ሴት፣ የራሷ ሥራ ከጥቂቶቹ በቀር አልተረፈም።

ያም ሆኖ የፍሎረንስን ሥራ የሚፈልጉ ሰዎች ተነሡ። ልጇ የእናቷን ወረቀቶች ጠብቃ አቆየች፤ በ1970ዎቹም ለአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተሰጡ። በዚያ የምታስተምረው ቫዮሊን ተጫዋች ባርባራ ጋርቪ ጃክሰን በ1977 ስለ እርሷ ጥናት አሳተመች፤ የሴት ደራሲያንን ሥራ የሚያወጣ ማተሚያም አቋቋመች። ጥቁር አሜሪካዊቷ ምሁር ሬ ሊንዳ ብራውን የዶክትሬት ጥናቷን በፍሎረንስ ላይ ሠርታ ዕድሜዋን ሁሉ በዚህ ላይ አሳለፈች። በ2017 ስታርፍ የጻፈችው የሕይወት ታሪክ ገና አልታተመም ነበር፤ በ2020 ወዳጆቿ ለኅትመት አበቁት። ስለ ወዳጅነት የሚናገረው መጽሐፍ ራሱ በወዳጆች እጅ ወጣ።

በ2009 ደግሞ ኢሊኖይ ውስጥ ሴንት አን በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ባልና ሚስት ሊያድሱት የገዙትን የፈረሰ ቤት ሲያጸዱ የተከመረ ወረቀት አገኙ። ዛፍ ወድቆ ጣሪያውን ቀዶታል፤ ወረቀቱ ግን ዝናብ ባልደረሰበት ጥግ ነበር። ቤቱ ፍሎረንስ በጋ የምታሳልፍበት ነበር። ከተገኙት ውስጥ ሁለት የቫዮሊን ኮንቼርቶዎችና አራተኛዋ ሲምፎኒ ይገኙበታል። ባልና ሚስቱ ወረቀቱን ከመጣል ይልቅ ባለቤቱን ፈለጉ። አራተኛዋ ሲምፎኒ በ2018 በአርካንሳስ በፎርት ስሚዝ ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማች። በ2022 የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ አንደኛና ሦስተኛ ሲምፎኒዎቿን የያዘው ቅጂ የግራሚ ሽልማት አገኘ። ጌታችን ሕዝቡን ከመገበ በኋላ የተረፈው ቁርስራሽ አንዳች እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዟል (ዮሐ. 6፥12)። እንጀራውን ማብዛት የሚችል ጌታ ፍርፋሪው እንዲባክን አልወደደም።

ማርጋሬትም ኒው ዮርክ ሆና መጻፍና ማስተማር አልተወችም። ከገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝ ጋር ስለ ሰብአ ሰገል የሚናገር የገና ካንታታ ደረሰች። ማቴዎስ የሰብአ ሰገልን ስምም ቁጥርም አይነግረንም፤ በአውሮፓ ትውፊት ግን አንዱ ጥቁር ንጉሥ ነው፤ ካንታታው የሚያተኩረው በእርሱ ላይ ነው። «ክሬዶ» የተባለው ትልቅ ሥራዋ በ1972 በሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ ሲቀርብ እርሷ ካረፈች አንድ ወር ያህል ሆኗት ነበር።

ወደ እኛ ቤት ስንመለስ

ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ ያወጋኋችሁ እነዚህን ሴቶች እንከን የሌለባቸው ቅዱሳን ለማድረግ አይደለም። ታሪካቸው ለቤተ ክርስቲያናችን የሚናገረው ስላለ ነው።

ዘማሪውን እናውቀዋለን፤ ግጥሙንና ዜማውን የደረሰውን ግን ብዙ ጊዜ አናውቀውም። በደርግ ዘመን በየቤቱ በድብቅ ከተዘመሩት መዝሙሮች የስንቶቹ ደራሲ በእርግጥ ይታወቃል? ዛሬም በኳየር ውስጥ ከኋላ ረድፍ ቆማ፣ በሥራና በልጆች መካከል ሌሊት ተነሥታ ዜማ የምትደርስ እኅት አለች። መዝሙሩ ይዘመራል፤ እርሷ አትጠራም።

«ክብር ሁሉ ለጌታ ነው፤ የደራሲ ስም ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። ክብር በእርግጥ ለጌታ ነው። ይህን አጥብቆ ያስተማረን ጳውሎስ ግን በሮሜ 16 ከሃያ በላይ ሰዎችን በስም ይጠራል። ከእነርሱም ጵርስቅላ፣ ማርያም፣ ፕሮፊሞና፣ ጢሮፊሞሳ፣ ጠርሲዳ ስለ ድካማቸው የተመሰገኑ ሴቶች ናቸው። ክብር ለሚገባው ክብርን እንድንሰጥም አዞናል (ሮሜ 13፥7)። የሰውን ድካም ስም ማሳጣት ትሕትና አይባልም። ትሕትና የደራሲዋ ፈንታ ነው፤ ማመስገን ደግሞ የእኛ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እናድርግ? እኛ መጋቢዎችና የመዘምራን መሪዎች የመዝሙሩን ደራሲ ስም በወረቀቱ ላይ እንጻፍ፤ መዝሙሩ ሲቀረጽና ሲሸጥም ድርሻዋን እንስጥ። የቆዩ ደብተሮችንና ካሴቶችን ሰብስበን እናስቀምጥ፤ የፈረሰ ቤት ጣሪያ እስኪቀደድ አንጠብቅ። ዕድሜ የጠገበች እኅት አንዲት ወጣት ከጎኗ ታስቀምጥ፤ ወጣቷም የመምህርቷን መዝሙር ለመዘመር አትፈር። ገንዘብ ያለው እንደ ፌበን ይክፈል፤ ቤት ያለው እንደ ልድያ ይክፈት። ብዕር ብቻ ያለውም እንደ ጤርጥዮስ ይገልብጥ። መድረክ የተሰጠን ወንዶችም እንደ በርናባስ ከጠርሴስ ፈልገን እናምጣ።

ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ላላችሁ አንባቢዎችም አንድ ቃል አለኝ። ማንም ያላያችሁ፣ ሥራችሁም በጨለማ ጥግ የተከመረ ይመስላችሁ ይሆናል። አጋር በምድረ በዳ ብቻዋን ሳለች ያያት አምላክ ዛሬም ያያል (ዘፍ. 16፥13)። በሰዎች መዝገብ ስማችሁ ባይኖር እንኳ በልጁ በኢየሱስ ክርስቶስ በኩል በስማችሁ ጠርቶ ወደ ቤቱ ያስገባችኋል። ያ ቤት የሁላችን እናት ቤት ነው፤ በሩም ክፍት ነው።

ለማሰላሰል፦ ወደ ጸጋዬ ያደረሰኝ በርናባስ ማን ነው? አመስግኜዋለሁን? በጉባኤዬ ውስጥ ጸጋ ኖሯት በር ያልተከፈተላት እኅት ማን ናት? በዚህ ሳምንት ለእርሷ ምን ላድርግላት?

የሰጠንን ጸጋ በፍቅር እንድንገላለጥ እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።